በሩን ዘግቼ ያየሁት ፊልም

ወረታ ውስጥ ከእኔ ከአያልነህ የበለጠ ንቁ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር። ይህን እምነት የሚጋራኝ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ያለችን ማሳ ትንሽ ስለሆነች የሩዙ አጨዳ ካለቀ ወዲያ ወንበር ከማሞቅ በቀር ሥራ የለኝም። ባለቤቴ አምሳል ይህን ማየት ሰልችቷታል። ሐጂ አብዱልአሊም የሚባሉት የሩዝ ነጋዴ ለመጋዘናቸው ጠባቂ እንደሚፈልጉ ስትሰማ ሄዳ ስለ እኔ ነገረቻቸው። ምን ምን ብላ እንዳሞገሰችኝ ባላውቅም ሐጂ እኛ ቤት ድረስ መጥተው ሊያነጋግሩኝ ቃል ገቡ። ሥራውን በጣም ፈልጌው ነበር። በሚስቴ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሰው መሆን አማረኝ።

በቀጠሮው ቀን አምሳል ሐሙሲት ሄዳ ለቅሶ መድረስ ነበረባት። ከመሄዷ በፊት የዓመት ቀለባችንን ሩዝ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ አስጥታ፣ የጎረቤታችን የእማዋይሽ ላም አጥር መጣስ ስለለመደች ዓይኔን ከስጡ እንዳልነቅል አስጠነቀቀችኝ። እኔም ለመጋዘን የታጨሁ ሰው ለአንዲት ላም እንደማላንስ ነገርኳት።

ነገር ግን በዋዜማው ከተማው ሁሉ የሚያወራለትን ፊልም ኡመር ሞባይል ቤት ሄጄ በፍላሽ አስጭኜ ነበር። ኡመር ጥራቱ የላብ ጠብታ ሳይቀር ያሳያል ብሎኛል። መብራት ደግሞ እኛ ሰፈር እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ በመጣበት ሰዓት ካልተቀበሉት ተቀይሞ ይሄዳል። በዚያ ላይ ፊልሙ ብቻውን አንድ ሕንፃ ስለሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ለሥራው ልምድ ይሆነኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ችግሩ ፀሐዩ ነበር። በሩን ስከፍተው ብርሃኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፍና በጀግናው ፈንታ የራሴ ፊት ይታየኛል። እሱን ለማየት ደግሞ ፍላሽ አላስጫንኩም። በሩን ዘጋሁት፤ ተኩሱም በደንብ እንዲሰማኝ ድምፁን ከፍ አደረግሁ።

ዘበኛው በጣሪያ የመጣውን ጣለ፣ በመስኮት የገባውን አነቀ። እኔም ከመቀመጫዬ እየተነሳሁ ከኋላው የሚመጣበትን እነግረዋለሁ። በመሀል «እምቧ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ከፊልሙ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሁሉ ፎቅ ላይ ላም ምን ልትሠራ እንደምትወጣ አልጠየቅሁም። በሩ የተንኳኳ ሲመስለኝም ጥይት ነው አልኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሐጂ አብዱልአሊም የአጥራችንን ዱላ ይዘው ከስጡ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሸራው አንድ ጎን ባዶ ሆኗል። የተበተነውን በእጃቸው ሰብስበው ከቀሪው ጋር አድርገውታል። ላሟ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታመነዥካለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ፣ ሐጂ።»

«ያ ስትጮህለት የነበረው ሰውዬስ ተረፈ?»

«ተርፏል።»

«እንኳን ተረፈ። እኔም ከሩዝህ የቻልኩትን አትርፌልሃለሁ።»

አምሳል የገባችው ይህን ጊዜ ነው። ስጡን፣ ሐጂን፣ እኔን በየተራ አየችና ጎንበስ ብላ የቀረውን ሩዝ ሸራው ላይ ማስተካከል ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ዱላውን ለእሷ አቀበሏትና «አምሳል፣ መጋዘኑን አንቺው ራስሽ ብትጠብቂልኝስ?» አሏት። ወደ እኔ ሳትዞር እሺ አለች።

አሁን እሷ በየማለዳው ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ስጡን እጠብቃለሁ። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ፊልምም አልተውኩም፤ ግን በሩን ከፍቼ ነው የማየው። ፀሐዩ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሚያርፍ ጀግናው አይታየኝም። የራሴ ፊትና ከበስተኋላዬ አጥሩን የምትገፋው የእማዋይሽ ላም ግን ጥርት ብለው ይታያሉ።