እስኪበቃህ ስገድ

የቀለጠ ሰም ሲሸተኝ ዛሬም እጆቼ ክር የያዙ ይመስል ይወጠራሉ። ባለፈው የሆሳዕና ዕለት ፍኖተ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ባልቴት አጠገቤ ጧፍ ለኮሱ፤ የእውነት የንብ ሰም ነበርና ሽታው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አውጥቶ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን ወስዶ፣ ከእናቴ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠኝ።

እናቴ የፋሲካን ጧፍ የምትሠራው ራሷ ነበረች። ማሩ ተጨምቆ የሚቀረውን ሰፈፍ በሙቅ ውኃ አቅልጣ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ሰሙ ለብ ሲል እኔና የአጎቴ ልጅ የሺ የጥጡን ክር ከወዲህና ከወዲያ ወጥረን እንይዝላት ነበር። እሷም ሰሙን በመዳፏ እየለበጠች ከአንዳችን ወደ ሌላችን ትመላለሳለች፤ እኛ ስንስቅ ክሩ ይረግባል፣ እሷም «ወጥሩት እንጂ፣ እናንተ ልጆች! ጎባጣ ጧፍ ለማን ሊበራ ነው?» ትለናለች። ሰሙ የሚመጣው ከአባቴና ከታናሽ ወንድሙ ከአጎቴ ምናለ ቀፎዎች ነበር። ሲነጋ ደግሞ ሁለቱ ቤተሰብ እኛ ቤት ተሰብስቦ በአንድ መሶብ ጾሙን ይፈታ ነበር፤ ለእኔና ለየሺ ፋሲካ ማለት ይኸው ነበር።

ጠቡ የገባው በጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ በአበባ በሆነበት ሰሞን፣ ከአባቴ ቀፎ አንድ መንጋ ንብ ተነሥቶ እየጎረፈ ሄደና አጎቴ ከብሳናው ላይ ሰቅሎት ከነበረው ባዶ ቀፎ ገባ። አባቴ «እረፉ፣ እረፉ» እያለ በማሳው መካከል ንቦቹን ተከትሎ ሲሮጥ፣ እኔና የሺ ደግሞ እሱን ተከትለን ስንሮጥ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን ጥቂት ነው። ከብሳናው ሥር ስንደርስ አባቴ እያለከለከ «ምናለ፣ ንቤን መልስልኝ» አለ። አጎቴ ሳቅ ብሎ «አያ፣ ንብ እንደ በሬ በገመድ አይጎተትም። ትመለስ ካሉ ራስዎ ይጥሯት» ሲል መለሰለት። ነገሩን ያበላሸችው ያቺ ሳቅ ናት። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ወንድማማቾች ሰላምታ ተነፋፈጉ።

ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ አጎቴ ከነሰፈፉ አንድ ገንቦ ማር በየሺ አስይዞ ላከልን። አባቴ ግን «የገዛ ንቤን ማር በስጦታ አልቀበልም» ብሎ መለሰው፤ የሺም ያን ከባድ ገንቦ ተሸክማ እያለቀሰች ተመለሰች። ለእኛ የቀሩልንን ንቦች ደግሞ ጉንዳን ጨረሳቸው። ጥር ላይ ሽማግሌ ቢገባም አባቴ «ንቤን ይመልስና እታረቃለሁ» ከሚለው ቃሉ ፍንክች አላለም። እናቴ ባዶውን የሰም ድስት እያየች «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ትል ነበር፣ አባቴ በሚሰማበት ቦታ ሆና።

ሁዳዴ ሲገባ እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነበር። ሁዳዴን እኛ ልጆች እንወደው ነበር ብል የሚያምነኝ ሰው አላገኝም፤ ግን እውነት ነው። ስናፍጩ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ «ቅዳሴ እስኪወጣ ጾምኩ» ተብሎ የሚነዛው ጉራ፣ ሆዳችን እየጮኸ በጽድ ጥላ ሥር ተቀምጠን የደወሉን ድምፅ መጠበቁ፣ ይህ ሁሉ ደስ ይለን ነበር። የንስሐ አባታችን አባ ኅሩይ ከቅዳሴ በኋላ በትራቸውን ተደግፈው «እንደ ብርሃን ልጆች ተመላለሱ» የሚለውን ቃል ያስተምሩ ነበር፤ ወንድሙን የጠላ ሰው እህል ባይቀምስም አልጾመም፣ በጨለማ ነው ያለው ይሉ ነበር። አባቴ በአንዱ ማዕዘን፣ አጎቴ በሌላው ማዕዘን ቆመው፣ እያንዳንዳቸው ትምህርቱ ለወንድማቸው የተነገረ መስሏቸው ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አይ ነበር።

መጋቢት እየገፋ ሲሄድ የሺ ከምንጩ ዳር ላይ «ፋሲካን ለየብቻ ልንውል ነው?» አለችኝ። ልጅ ሆኖ ጾሙ ባያልቅ ብሎ የተመኘ ካለ እኛ ነን።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ግን ነገሩ ቀለል አለኝ። በዚያ ሳምንት ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና ማንም ማንንም አይስምም፣ እንዴት አደርክም አይባባልም። አገሩ ሁሉ ዝም ብሎ ሲተላለፍ አባቴና አጎቴም ዝም ብለው ይተላለፋሉ፤ ከጥቅምት ወዲህ ቤታችን የሰው ቤት የመሰለው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። እናቴ ግን አልተታለለችም። ሐሙስ ዕለት የጉልባኑን ስንዴና ባቄላ እየለቀመች አባቴን «ይኸ ሳምንት ሸፈናችሁ። እሑድ ሲነጋ ምን ልትለብሱ ነው?» አለችው።

የስቅለት ዕለት አገሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲሰግድ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ለየንስሐ አባቱ እየቀረበ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ ይደረግና የሚጨምረው ስግደት ይታዘዝለታል። አባቴ ቀረበ፣ አጎቴም ከሌላ ወገን መጣና ሳይተያዩ ከአባ ኅሩይ ፊት ጎን ለጎን ሆኑ። አባ ሁለቱንም በቅጠሉ መታ መታ አደረጉና ቁጥር በመስጠት ፈንታ «እናንተስ የበደላችሁትን ታውቃላችሁ። እስኪበቃችሁ ስገዱ» አሏቸው።

አባ እንዲህ ማለታቸው ስሕተት ነበር፤ ወይም ያን ዕለት ሁላችንም ስሕተት መስሎን ነበር። ሁለቱ መስገድ ጀመሩ። ሌላው ሰው ጨርሶ ነጠላውን እያራገፈ ሲወጣ እነሱ ይሰግዳሉ። አባቴ ሲነሣ አጎቴን በዓይኑ ጥግ ያየዋል፣ አጎቴም እንዲሁ፣ ማናቸውም ቀድሞ «በቃኝ» ሊል አልፈለገም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እልህ ሰው ሲያሰግድ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ወደ ቤቱ ያቀና ሰው እየተመለሰ ዙሪያቸውን ቆመ። እናቴ «ይኸስ ስግደት አይደለም፣ ግብግብ ነው» አለች። የሺ እጄን ጨብጣ ይዛለች፤ ለማን እንደምንጸልይ እንኳን አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ወደቀና ሳይነሣ ቀረ። ግንባሩ መሬት ላይ ሆኖ ትከሻው ብቻ ይተነፍሳል። አጎቴ ተነሥቶ፣ ደግሞ ሊወርድ ጉልበቱን ካጠፈ በኋላ፣ ወንድሙን አየና ቆመ።

«አያ» አለ።

«አላቆምኩም» አለ አባቴ ከመሬቱ ላይ።

«እኔ አቁሜያለሁ። በቃኝ። አንቱ አሸነፉኝ።»

መጀመሪያ አባቴ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆየና ፊቱን ሲያዞር እየሳቀ ነው፤ አፈር በአፈር የሆነ ግንባሩን ይዞ እንደ ሕፃን ይስቃል። አጎቴ ብብቱን ይዞ አነሣው፣ ተቃቀፉ፣ ሊሳሳሙም ፊታቸውን ሲያቀራርቡ አባ ኅሩይ መስቀላቸውን መካከላቸው አስገቡ። «ይቆይ፣ ልጆቼ፤ ዛሬ መሳም የለም። ስትጣሉ ከርማችሁ ለመታረቅ ከዛሬ ሌላ ቀን አጣችሁ?» አሉ። ያ ሁሉ ሰው በስቅለት ቀን አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ።

ስለዚህ ዕርቁ ሳይሳሳሙበት አደረ፤ እኔና የሺም እንዳይቀዘቅዝ ፈርተን በየቤታችን እንቅልፍ አጣን። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ የሰላሙን ቄጠማ ሲያዞሩ፣ የሺ ቄጠማውን በግንባሯ አስራ ያንኑ ገንቦ ተሸክማ መጣች። አባቴ ራሱ ከትከሻዋ አወረደላት። እናቴ ወዲያው ምድጃውን አያያዘች፣ እኛም ክሩን ወጠርን፤ ያን ቀን የሠራናቸው ጧፎች ሁሉ ከሳቃችን የተነሣ ጎባጦች ነበሩ፣ እሷም ምንም አላለችንም። እሑድ ሲነጋ አባቴ ከደጃፉ ቆሞ ጠበቀ፣ አጎቴም መጥቶ አገላብጠው ተሳሳሙ፣ ቀኑን ሙሉም ስለ ንብ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም መምህር ሆኜ እኖራለሁ። ጧፉን ከሱቅ እገዛለሁ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ሽታ የለውም። ሰሙነ ሕማማት ሲገባም በግቢያችን መሳሳም ይቀራል፤ ዓመቱን በሙሉ በር ዘግተን የምንኖር ስለሆንን ግን ልዩነቱን ለማወቅ ይቸግረኛል። አባቴና አጎቴ አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው ስለደከመ ስግደቱ ቀርቶላቸው፣ በስቅለት ዕለት ከግንቡ ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰጋጁን ወገብ ይተቻሉ። አምና አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ አባቴ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ጊዜ እኮ ገና ብዙ መስገድ እችል ነበር» አለኝ።

አባቴ ዓይኑን ከሰጋጆቹ ላይ ሳያነሣ «ዐውቃለሁ» አለ።