በወዲያኛው ዓምድ አንድ ድምፅ

አባቴ ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ እኔን የሚያስከትለኝ እንግሊዝኛ ስለማይችል አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። የወረቀቱ ጽሑፍ ስለሚያንስበትና መነጽሩን ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ስለሚረሳ ነው። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ እዚያ ግን ከጎኑ ቆሜ በሹክሹክታ ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

የምንኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። በእኛ ሰፈር ዋናው ምርጫ የኖቬምበሩ ሳይሆን የኦገስቱ ፕራይመሪ፣ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ዙር ነው። አብዛኛው ሰው የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ስለሆነ፣ በኦገስት የዚያ ፓርቲ እጩ የሆነ ሰው ኖቬምበር ላይ እንዳለፈ ይቆጠራል። የሌላው ፓርቲ መራጮች በፕራይመሪ ቀን ብቅ የሚሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በአንዱ ዓምድ የአንደኛው፣ በሌላው ዓምድ የሁለተኛው ፓርቲ እጩዎች ተዘርዝረዋል፤ መራጩ ከእጩው ስም አጠገብ ያለችውን ክብ እያጠቆረ ከአንዱ ዓምድ ብቻ ይመርጣል። ከሁለቱም ካጠቆረ ድምፅ የሚቆጥረው ማሽን ወረቀቱን ይመልሰዋል።

በዚያ ዓመት አንድ የአገራችን ልጅ በትልቁ ፓርቲ በኩል ተወዳደረ። እድራችን ተሰብስቦ ሁሉም ሰው እንዲመርጠው ተስማማ። አባቴም እጁን አወጣ። አልፎ ተርፎም የእድሩን አሮጊቶች ወደ ምርጫ ጣቢያው በቫኑ ላመላልስ አለ።

በምርጫው ቀን የመጨረሻዋን አሮጊት፣ ጎረቤታችንን፣ ይዘን ጣቢያው ገባን። አባቴ ያለወትሮው “ዛሬ ራሴ እሞክረዋለሁ” ብሎኝ ለብቻው አጠቆረ። ማሽኑ ወረቀቱን መለሰበት። የምርጫ ሠራተኛዋ በትህትና ከአንድ ፓርቲ ብቻ መምረጥ እንዳለበት ነግራው ሌላ ወረቀት ሰጠችው።

“ምን ሆንክ?” አሉት ጎረቤታችን ከኋላ።

“ተበላሸብኝ፣ እትዬ።”

ተመልሰን ስንቆም አነበብኩለት። ከዚያ የአገራችንን ልጅ ስም ዘሎ በወዲያኛው ዓምድ ያለ አንድ ስም አጠገብ አጠቆረ። ቀና ብዬ አየሁት።

“አንድ ፓርቲ ብቻ የሚመረጥበትን ጊዜ ኖሬበታለሁ” አለኝ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። “እዚህ የሚያስገድድ የለም፤ ግን ያኛው ወገን ባዶ ሲሆን ደስ አይለኝም። ለሁለቱም ልሰጥ ነበር፤ አይሆንም አሉኝ።” ቆይቶ ደግሞ “በእኔና ባንቺ መሀል ይቅር” አለኝ።

“እሺ አባዬ” አልኩ።

የአገራችን ልጅ በትንሽ ልዩነት ተሸነፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእድሩ ሰብሳቢ ደወለልኝ። “አንቺ የተማርሽው ይሄን ፖለቲካ አይደል? ነይና የት እንደተሸነፍን አስረጂን።” ከዚያ በፊት ማንም ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የየጣቢያው ውጤት ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን ቁጥሮቹን ሰብስቤ ሰንጠረዥ ሠራሁ።

ስብሰባው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ሰንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። በፕራይመሪ የሚወጣው ሰው ከፓርቲ ፓርቲ ለምን እንደሚለያይ፣ ፉክክሩ ያለበት ወገን ለምን እንደሚበዛ፣ ማሽኑ ወረቀት የሚመልሰው መቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። አንዳንዶቹ ወንበራቸውን አስጠጉ።

“ቆይ ቆይ፣ በእኛ ጣቢያ እዚህ ወዲያ ያለው አንድ ምንድን ነው?” አለ አንዱ።

“የሌላው ፓርቲ እጩ ነው። ያገኘው ድምፅ ነው።”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። “አንድ ብቻ! መንገድ ጠፍቶት የገባ ሰው ይሆናል።” “ኧረ ማሽኑ ራሱ አዝኖለት ነው!” አባቴም አብሮ ሳቀ።

ጎረቤታችን ግን አልሳቁም። ክፋት የለባቸውም፤ ነገሩ ገርሟቸው ብቻ ነበር። “አንተ፣ ያን ቀን ወረቀት የተመለሰብህ አንተ አልነበርክም? ከሁለት ወገን ያጠቆረ ነው የሚመለስበት አላለችም አሁን ልጅህ?”

ሳቁ ቀነሰ። ሰብሳቢው ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ። “በይ፣ አብረሽው ነበርሽ። አንድ ቃል በይና አባትሽን ነፃ አውጪው።”

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “ተሳስቶ ነው፣ ኋላ አስተካክሏል” ብል ሁሉም ወደ ሻዩ ይሄድ ነበር። እኔ ግን “የሰው ድምፅ ምስጢር ነው” አልኩ፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንደተጠየቀ ተማሪ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ መልስ መሆኑን ከፊታቸው አየሁ።

አባቴ ተነሣ። “እኔ ነኝ። ልጅቷን ተዉአት።”

“ሰውን ሁሉ እያመላለስክ?” አለው አንዱ።

“ሁሉንም አድርሻለሁ አይደል?”

“አዎ፣ አንተ ራስህ ቀረህ እንጂ።”

የሳቀ አልነበረም።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን እያሰረ “ያልዋሸሽው ጥሩ ነው” አለኝ። “ያሳደግኩሽ እንዳትዋሺ ነው።”

ያ አንድ ድምፅ የማን እንደሆነ ሰንጠረዡን ስሠራ አውቄ ነበር። ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ዓምዱን አጥፍቼው ነበር። ሳጠፋው ሰንጠረዡ ግማሽ ሆነ፤ የትልቁ ፓርቲ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ልዩነቱን አጉልታ የምታሳየው ያቺ አንድ ነበረች። መልሼ ጻፍኳት። ሰዎቹ ሊያዩአት ጎንበስ ሲሉም ደስ ብሎኛል። አባቴ ይህን አያውቅም። በውሸትና በእውነት መሀል የተጨነቅኩ ይመስለዋል፤ እኔም እስከ ዛሬ አላረምኩትም።

እድርተኞቹ አላባረሩትም። ሰላምታም አልነፈጉትም። በሚቀጥለው ፕራይመሪ ግን አሮጊቶቹን ሌላ ሰው አመላለሰ፤ ለአባቴ የደወለለት አልነበረም። ጠዋት ልብሴን ለብሼ “እንሂድ?” አልኩት።

“ጉልበቴን አሞኛል። አንቺ ሂጂ” አለኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቫኑን ጎንበስ ብድግ እያለ ሲያጥብ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ብቻዬን ሄጄ መረጥኩ። ስመለስ ለመራጮች የሚሰጡትን ቀይ ተለጣፊ ሊፍቱ ውስጥ ከደረቴ ላይ ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት። አባቴ ሶፋው ላይ ነበር።

“ሰው ነበር?” አለኝ።

“ብዙም።”

ራሱን ነቀነቀ። ማንን እንደመረጥኩ አልጠየቀኝም።