መሬት መቀመጥ

የወገብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ጠላቱ ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂም አለ። ቡራዩ ቤቴ ውስጥ ጣራ ጣራ እያየሁ በተኛሁባቸው ሳምንታት ብርቱካን ይዞ የገባ ሁሉ ወገቡን ተቀዶ የሞተ ወይም ሽባ ሆኖ የቀረ ዘመድ አያጣም ነበር። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ጫንጮ አንድ ወጌሻ እንዳለ፣ እሱ ቢያሸኝ ኖሮ ቢላ እንደማያስፈልገኝ አጫወተችኝ። ብረትና ብሎን ከገባልኝ በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ። "እግዜር ይማርሽ" ብሎ ቶሎ የሚወጣ ጠያቂ ናፍቆኝ ነበር።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የታችኛው የወገቤ አጥንት ከቦታው ተንሸራቶ የግራ እግሬን ነርቭ ተጫነው፤ እግሬ እየከዳኝ ተማሪ ፊት ሰሌዳው ሥር እወድቅ ጀመር። አዲስ አበባ ወስደው ሁለቱን አጥንቶች በብረት አያያዙልኝ። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣኝ ብዙ አላወራም። ብረቱ የሚይዘው ለጊዜው ነው፣ ዋናው የአጥንቱ እርስ በርስ መግጠም ነው አለ። እስኪገጥም ድረስ መጎንበስ የለም፣ መጠምዘዝ የለም፣ ዝቅ ያለ ነገር ላይ መቀመጥማ ጨርሶ የለም። ከላላ ግን ለእግርሽ ዋስትና አልሰጥሽም አለኝ።

ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። እኔ በወጣሁ ሰሞን ነቀምቴ ጭነት አድርሶ ሲመለስ መንገድ ተዘጋና እዚያው ቀረ። ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። ዛሬ ሰበታ፣ ነገ ሱሉልታ፣ ከነገ ወዲያ እኛው ዘንድ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ታክሲ ይቆማል፣ ሱቅ ይዘጋል። ሰው የሚያወራው የማን ማሳ ወደ አዲስ አበባ እንደሚገባ፣ የማን ልጅ እንደታሰረ ነው። እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ማን ያደርሰኛል እያልኩ አለቅሳለሁ። አገር ሲታመስ የአንዲት ሴት ሽንት ቤት መሄድ ከቁም ነገር አይገባም፤ ለእኔ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር አልነበረም። ልጅ የለኝም።

ያደረሱኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ቡራዩ ገና ማሳ ሳለች ጀምሮ እዚያው የኖሩ የገበሬ ወገን ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ከወለዷቸው የቀረላቸው ባጃጅ የሚነዳ አንድ ጎልማሳ ልጅ ነው። ጠዋት በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርሽ፣ እያሉ ይገባሉ፤ መልሴን አይጠብቁም። ነርሷ እንዳሳየችን በጎኔ አገላብጠው ያስነሱኛል፣ የወገብ ቀበቶዬን ያጠብቁልኛል፣ ያጥቡኛል፣ ካልሲዬን ያደርጉልኛል። አንድ ቀን እፍረቱ ቢብስብኝ፣ ይተዉኝ እትዬ፣ ብዬ ቆጣ አልኩባቸው። አጥበው ጨረሱና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ስትሞቺ የማጥብሽ እኔው አይደለሁ? አሁን በነፍስ ሳለሽ ልለማመድ እንጂ።"

ስቄ ስፌቱ አመመኝ። ልጃቸውም ወንበርሽ ዝቅ ብሏል ብሎ ብሎኬት አምጥቶ ከእግሮቹ ሥር አስገባልኝ። እንደ ዳኛ ከፍ ብዬ ተቀምጬ ምሳዬን መብላት ጀመርኩ። በኋላም ግድግዳ እየያዝኩ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ግቢው ደረስኩ። ለሁሉም ሰው ትምህርት ቤት ልመለስ ነው እያልኩ አወራ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ተኩሱን የሰማሁት እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ልጁ የወጣው ባጃጁን ከአስፋልት ሊያነሳ ነው ያሉ አሉ፤ ከሰልፈኞቹ ጋር ነበር ያሉም አሉ። ለእናቱ ምን ለውጥ አለው። ከቀትር በፊት አስከሬኑን በሌላ ሰው ባጃጅ አመጡት። የእትዬ ጩኸት በግንቡ በኩል ገባ። ተነስቼ ልሂድ ብል አልቻልኩም፤ ቀበቶዬን የሚያጠብቁልኝ እሳቸው ነበሩ።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት የገባች ሴት አትቆምም። ሐዘንተኛዋ መሬት ላይ ናት፤ ወርደሽ አንገቷን ይዘሽ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ እዚያው ከጎኗ ትቀመጫለሽ። ወንበሩ ድንኳን ውስጥ ላለው ወንድ ነው። ቆማ ያለቀሰች ሴት አይታ ሄደች ነው የምትባለው። የዕድራችን ሴቶች ሁኔታዬን ያውቃሉ። አንዷ ቀበቶዬን አስራልኝ እየደገፈች ስትወስደኝ፣ ታይተሽ ትመለሻለሽ፣ ማንም አይቀየምሽም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም በዚሁ ተስማምቼ ነው የሄድኩት።

እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ፀጉራቸው ተበትኖ፣ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነበሩ። ዙሪያቸውን የተቀመጡት ሴቶች ግማሹ "ጃባዳ"፣ ግማሹ "ይበርቱ" ይሏቸዋል። ቆምኩ። አንዷ የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ ከኋላዬ አስጠጋችልኝ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ተቀመጪም አላሉኝ፣ ሂጂም አላሉኝ። እጃቸውን ሲዘረጉ የደረሰው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ጉልበቴን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ እንደ ስልክ እንጨት ቆሜያለሁ። እጄን ቁልቁል ዘረጋሁ፤ ራሳቸው ላይ አልደርስ አለኝ።

ወረድኩ። ደግፋ ያመጣችኝን ሴት ትከሻ ይዤ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ በጉልበቴ ብቻ ልወርድ ነበር ሐሳቤ። እትዬ ግን አንገቴን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ፣ እኔም ተሳብኩ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ግራ እግሬ ጋለ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። አቅፌያቸው አለቀስኩ፤ ለልጃቸው ይሁን ለራሴ ዛሬም ለይቼ አላውቅም። መነሳት ስላቃተኝ ሲመሽ ሴቶቹ ተባብረው ተሸክመው ቤቴ መለሱኝ።

መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ሳምንታት አለፉ። ሐኪም ዘንድ የሚወስደኝ አልተገኘም። ስልክ ሲሠራ ነቀምቴ ለቀረው ባለቤቴ ደህና ነኝ እለዋለሁ፤ ዘግቼ ትራሱን እነክሳለሁ። አምላኬን ተሟገትኩት፣ ስድብ የሚመስል ነገርም ተናገርኩት። እትዬንም ጠላኋቸው። አንድ ልጇን የቀበረችን እናት ለምን ሳብሽኝ ብሎ መጥላት ምን ዓይነት ልብ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ጠላኋቸው። ከዚያ ደግሞ ዞሬ ራሴን እጠላለሁ። በሁለቱ መካከል ነበር ቀኑ የሚያልፈው።

እስከ አስኮ ታክሲ በተገኘ ቀን ሰው ይዞኝ ሄደና ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ ቆየ። ብሎኖቹ ላልተዋል፣ አጥንቱም አልገጠመም። ምን ከባድ ነገር እንዳነሳሁ ጠየቀኝ። ምንም አላነሳሁም፣ ለቅሶ ደርሼ ነው አልኩት። እሱም የዚህ አገር ሰው ነው፤ አልተቆጣኝም። ፊልሙን ፖስታው ውስጥ መልሶ፣ ወገቤን ደግሞ መክፈቱን እንደማይመክረኝ፣ እግሬ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብዬ እንዳልጠብቅ፣ ቆሞ ማስተማሩንም እንድተወው ቀስ ብሎ ነገረኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ነበሩ። ከሐዘኑ ወዲህ ከግቢያቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፊታቸው አጥንት ብቻ ቀርቷል። ሐኪም ቤት መሄዴን ሰምተው ነው የመጡት። ወንበር ባሳያቸው አልተቀመጡም።

"ምን አለሽ?" አሉኝ።

ልነግራቸው ነበር። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ በልቤ ስነግራቸው ነው የዋልኩት፣ ከነምሬቱ። ዓይናቸውን ሳየው ግን አፌ ሌላ ተናገረ።

"ገጥሟል እትዬ። ድኛለሁ።"

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዋቃን አመሰገኑ። ብዙ ቆይተው ነው ያወረዱት።

"እሱን አላተረፍኩትም" አሉኝ። "አንቺን እንኳ አተረፍኩ። ይኸው፣ አንድ ሰው አድኛለሁ።" ከዚያ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ግድግዳው ሥር ሄደው ቆሙ። "እስቲ ወደ እኔ ተራመጂ፣ ልይሽ።"

የምይዘው ነገር አጠገቤ አልነበረም። ጥርሴን ነክሼ ተራመድኩላቸው።