የተቀባዩ ቦታ

አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ከሚሸጥበት ሱቅ አጠገብ ሳልፍ እስከ ዛሬ እግሬ ይቆማል። ያ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸተው ነገር ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ይወስደኛል። ግድግዳዋና ጣሪያዋ በስፖንጅ የተለበጠ፣ መስኮቷ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ በበሩ ስር በምትገባው ቀጭን ብርሃን አቧራ ሲዋኝ የሚታይባት ክፍል ነበረች። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ የአንድ ቪላ ሰርቪስ ቤት ናት። እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዋን ያስቀረጸችው እዚያ ነው።

የቪላው ባለቤት ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ድሮ በሆቴል ባንዶች ውስጥ ጃዝ ሲጫወት የኖረ፣ ቀጠን ያለ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ረጅም ትንፋሽ የሚወስድ ሰው። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ የአገራችንን ዜማ ከሌላው ዓለም ሙዚቃ ጋር የሚያገናኝ አልበም መሥራት። ኮራ የሚባለውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ የሚጫወት ወዳጁን ከማሊ አስመጣ። ታብላ የሚባሉትን የህንድ ከበሮዎች የሚመታለት ደግሞ እዚሁ ከተማ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር አገኘ። የቀረው የሰው ድምፅ ነበር።

ድምፁንም ወሎ ሰፈር፣ እኛ ሱቅ አገኘው። እናቴ ከወሎ ይዛው የመጣችው አንድ የደቦ ዘፈን ነበራት። አጨዳ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። «አለህ ወይ?» ይላል አውጪው፤ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል ተቀባዩ። እናቴ ሱቅ ውስጥ ምስር ስትለቅም ይህንኑ ታወጣ ነበር። ሰውዬው ስኳር ሊገዛ መጥቶ ሰማትና ስኳሩን ባንኮኒው ላይ ትቶ ሄደ። በማግስቱ የተመለሰው ለስኳሩ አልነበረም።

«እኔ ምኔ ዘፋኝ ነው? ይተዉኝ እባክዎ» አለችው። እሱም ቶሎ የሚተው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ምልልሱ ግን ራሷ ጠየቀችው።

«ይሄ ነገር ሱዳን ይደርሳል?»

«ከሱዳንም ያልፋል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ኢንሻአላህ እመጣለሁ።»

ስለ ሱዳን የጠየቀችው ለወንድሜ ብላ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታፍሶ ጦር ሜዳ ከተላከ ዓመታት አልፈው ነበር። እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። ወደ ሱዳን የተሻገሩ ወታደሮች እንዳሉ ሰምታ ነበርና እዚያ ነው ብላ ደመደመች። ዘመዶቻችን ለቅሶ እንቀመጥ ሲሏት «ሬሳውን ያየ አለ?» ብላ ከቤት አስወጣቻቸው። ዘፈኑ ደግሞ የሁለቱ ነበር። እሷ ታወጣለች፣ እሱ ጓዳ ውስጥ ጆንያ እየደረደረ ይቀበላል። እሱ ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ታወጣው ነበር።

ሳክስፎኒስቱ ይህን ስላላወቀ «ተቀባይዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሱቅ እጠብቅ ነበር። ደስታዬን ምን ልበልህ! ልብስ ሳጥብ፣ ውሃ ስቀዳ፣ አለሁ አለሁ እያልኩ ሰፈሩን አሰለቸሁት። እናቴ ሰምታ ምንም አላለችም። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

የቀረጻው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቤቱ ስለሚንቀጠቀጥ ማሽኑን አጥፍተን ድምፁ እስኪርቅ እንጠብቃለን። በመጨረሻ ሰማዩ ዝም ሲል ኮራው ጀመረ፣ ሳክስፎኑ ከስሩ ገባ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «አለህ ወይ?» አለች። አፌን ስከፍት እጇን ጭኔ ላይ ጫን አደረገችው። ዝም አልኩ። ክፍተቱን ያየው የሂሳብ መምህር በከበሮው ሞላው። እናቴ አቋረጠች።

እንደገና ጀመሩ። አሁን ኮራው ገባበት። አሁንም አቋረጠች። በመጨረሻ ሳክስፎኑ ገባ፤ እሷም ዓይኗን ገልጣ ሰውዬውን አየችው።

«አንቱም ይተዉት። ያ ቦታ ሰው አለው።»

ሳክስፎኒስቱ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም የወንድሜን ነገር በአጭሩ ነገርኩት። ረጅም ትንፋሹን ወሰደና ለሁለቱ በእንግሊዝኛ አስረዳቸው። ማሊያዊው ጎንበስ አለ። ህንዳዊው እጆቹን ከከበሮው አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ እናቴ «አለህ ወይ?» ባለች ቁጥር ሁሉም እጃቸውን ይሰበስቡና የአንድ መልስ ያህል ይጠብቃሉ። አንድ ሰው መልስ ሰጥቶ እንደጨረሰ ሁሉ፣ እሷ ቀጥላ ታወጣለች።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ተናድጄ ነበር። ያለሁት እኔ፣ ሱቁን የምከፍተው እኔ፣ ማታ እግሯን የማሸው እኔ፣ ቦታው ግን የሌለው ሰው። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አላናገርኳትም። እሷም መናደዴን ያወቀች አልመሰለኝም።

አልበሙን ውጭ አገር የሚያሳትሙት ሰዎች ክፍተቱ ይሞላ ብለው ሳክስፎኒስቱን አስጨነቁት፤ እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። በዚህ ሰበብ ብዙ ዘገየ። ሲወጣም የሰፈራችን ካሴት ቤት ጣጣ ውስጥ ገባ፤ የገዛው ሁሉ «ይሄ ካሴት ይቆርጣል» እያለ ይመልሳል፣ ባለሱቁ ይቀይራል፣ የተቀየረውም ይቆርጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ለራሷ አንድ ካሴት ወስዳ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከሱዳን ግን ማንም አልመጣም።

ዓመታት ቆይቶ ሌላ ጦርነት መጣ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጣቶች የጫኑ መኪኖች እየጨፈሩ በቦሌ መንገድ አለፉ። እናቴ ሱቅ ደጃፍ ቆማ የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ አየቻቸው። ለእኔ ሁሉም ወንድሜን ይመስሉ ነበር፤ ለእሷ ምን እንደመሰሏት አላውቅም። ከዚያ ገብታ ሣጥኗን ከፈተችና ካሴቱን ቴፑ ውስጥ አስገባች።

እኔ ምስር እለቅም ነበር። ኮራው ተሰማ፣ ሳክስፎኑ ገባ፣ የእናቴ የዚያን ጊዜ ድምፅ «አለህ ወይ?» አለ። ዝም ሆነ። በዝምታው ውስጥ የወንበር ሲጢጥታና የሰው ትንፋሽ ይሰማል። እናቴ ቴፑን እያየች ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛው «አለህ ወይ?» ሲመጣ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ተቀበዪው።»

የሰማሁት ልክ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

«ተቀበዪው እንጂ፣ ልጄ።»

«አለሁ» አልኩ። «አለሁ፣ እማ።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች፤ ለወንድሜ ስታለቅስ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ እያነባሁ ተቀበልኩ። ሲያልቅ ተነስታ የሱቁን በር ዘጋች፣ ምንጣፉን መሬት አነጠፈች፣ እኔንም ወደ ጎረቤቶች ላከችኝ።

«ለቅሶ አለብን በያቸው። ይምጡ።»