ሁለቱ ሰማያዊ ዲስኮች

ጋሽ ግራምን በደንብ አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ሰፈራችን አንድ ነው፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ የበር ማጠፊያ ሠርቶልኛል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። ከዚህ በታች ከምጽፈው ገሚሱን የነገረችኝ እሱ የሚያሠለጥናት አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ ጥቂቱን ከእህቱ ሰማሁ። የቀረውን ራሱ ጋሽ ግራም በተራራቁ ቀናት፣ ፊቱን ወደ ሥራው አዙሮ፣ ቆራርጦ ያወራኝ ነው። የተሳሳተ ካለ ጥፋቱ የኔ ነው።

የወጣለት ስም ሌላ ነው። ግራም ያሉት የሚሠራበት የመለዋወጫ ዕቃ ማምረቻ ሠራተኞች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ አንድም ቀን በአንድ ልኬት ረክቶ አያውቅም። ሌላው ሰው “ይሄዳል” ብሎ የሚያስረክበውን ዕቃ እሱ ሦስት ጊዜ ይለካዋል። ሻይ ሲጠጣ የስኳሩን ማንኪያ በጣቱ ጠርጎ ያስተካክላል እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ማንኪያውን ግን ያስተካክላል።

ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም። ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ክዳን አዳራሽ ውስጥ ክብደት ማንሳት ያሠለጥናል። መድረኩን ከወፍራም ሳንቃ ገጥሞ የሠራው ራሱ ነው። በማንሻው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ከሚገቡት ክብ ብረቶች፣ ከዲስኮቹ፣ የሚኮራባቸው ሁለቱ ሰማያዊዎች፣ ባለ ሃያ ሃያ ኪሎዎቹ፣ ከእጁ የወጡ ናቸው። ቶርኖ ላይ ሲጨርሳቸው ትንሽ ጎድለውት ነበር። ስለዚህ ጀርባቸውን ሰርስሮ፣ እርሳስ የሚባለውን ለስላሳ ብረት አቅልጦ አፈሰሰበትና ልክ ሃያ እስኪሞሉ እየመዘነ ሞላቸው። ለአንድ ወር ያገኘውን ሰው ሁሉ በዲስኮቹ ግራም አደነቆረው። ቅጽል ስሙ የጸናው ያኔ ነው።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ ምስማር አለ። በየምስማሩ ድሮ የአንድ ሠልጣኝ ቀበቶ ይንጠለጠልበት ነበር። አንዱ ሾፌር ሆነ፣ አንዱ አገባ፣ አንዱን ወገቡን አመመው፣ አንዷ ነገ እመጣለሁ ብላ እንደወጣች ቀረች። ምስማሮቹን አልነቀላቸውም። አሁን ቀበቶ ያለው አሥራ አንደኛው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የልብስ ሰፊዋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ስትመጣ ቅጥነቷን አይቶ መርፌ አላት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ትከሻዋ ሰፍቶ የራሷን ሸሚዝ ፈትታ ስታሰፋም ያው መርፌ ነበረች።

ጋሽ ግራም አላገባም። ታላቅ እህቱ ከግድግዳው ማዶ ትኖራለች፤ እራቱን በሣህን ከድና በመስኮት ታቀብለዋለች። ልጆቿ በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ እሷም ብቻዋን ናት። “ያንን ብረት ወይ አግባው፣ ወይ ተወው” ትለዋለች። “አሞህ ብትተኛ ውሃ አያቀብልህ።”

“እትዬ፣ አይነዘንዝም እኮ” ይላል እሱ።

ከዚያ እሷም በወዲያ፣ እሱም በወዲህ፣ አንዱ የሌላውን ማንኪያ ድምፅ እየሰማ ይበላሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ለመብላት ለምን እንዳላሰቡ ሁለቱም አያውቁትም።

መርፌ ስናች በሚሉት አነሳስ፣ ዘንጉን ከመሬት ባንድ ትንፋሽ ነጥቆ ከራስ በላይ በማቆም፣ ሰባ ስምንት ኪሎ ላይ ተቸንክራ ስምንት ወር ቆየች። የቡድን መምረጫው ውድድር ሰማንያ ይጠይቃል። አክስቷ በሌላ ከተማ የስፌት ቤት ከፍታ ነይ ነይ ትላት ነበር። መርፌም አንድ ቀን ጫማዋን እየፈታች፣ እስከ ውድድሩ ሰማንያ ካልተነሳላት እንደምትሄድ ነገረችው። እሱም “እሺ” አለ። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ዕቃ አበላሸ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሆነ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ዘንጉ እጇ ላይ ማዘንበል ጀመረ። ቀኝ ትከሻሽ ይወድቃል እያለ ተቆጣት። እሷም ትከሻዋን በቅባት ስታሽ ሰነበተች። እንዲያም ሆኖ አንድ ሐሙስ ሰማንያውን ነጠቀችው። ዘንጉ አሥራ አምስት፣ ዲስኮቹን የሚይዙት ሁለቱ መቆለፊያዎች አምስት፣ ሰማያዊዎቹ አርባ፣ ባለ አሥር አሥር አረንጓዴዎቹ ሃያ፤ ድምሩ ሰማንያ። ዘንጉን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዘንጉ እንዳያንሸራትት ነጭ ዱቄት በተቀባ እጇ ስለያዘችው የኮቱ ጀርባ ላይ ሁለት ነጭ መዳፍ ታተመ። ኮቱን ሳያራግፍ ቤቱ ገባ።

በሳምንቱ የተበላች አንዲት ሳንቃ ሊቀይር መድረኩን ሲፈታ ከሥር እንቁላል የሚያክል እርሳስ አገኘ። ሰማያዊዎቹን ገልብጦ አየ። የግራው ጀርባ ላይ የተቦጨቀ ጉድጓድ ተከፍቷል። በየጊዜው ሲወድቅ ሲወድቅ እርሳሱ ላልቶ ወጥቷል ማለት ነው። መዘነው፤ ስድስት መቶ አርባ ግራም። ትከሻዋ ምንም አልነበረም። ሰማንያም አልተነሳም።

ጋሽ ግራም ያን እርሳስ በእጁ ይዞ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። ሊሠራ የሚገባው ነገር ግልጽ ነበር፤ አቅልጦ መመለስ፣ ለልጅቱም መንገር። ግን ዲስኩ ከሞላ ሰማንያው እምቢ ይላታል፤ እምቢ ካላት ትሄዳለች። ዓይኑ ወደ አሥራ አንደኛው ምስማር ሄደ። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ሲወጡ፣ ደህናውን የቀኙን ዲስክ መሰርሰሪያ ላይ አሰረና እርሳሱን ልክ ስድስት መቶ አርባ ግራም እስኪጎድል ድረስ አወጣው። ቀኝና ግራው እኩል ሆነ። ዘንጉም ከዚያ ወዲህ አላዘነበለም። ግራም ብለው የሚጠሩት ሰው ያንንም ሦስት ጊዜ እንደመዘነው ነግሮኛል፤ ራሱን የገረመውም ይኸው ነበር።

መርፌ ሰማንያውን እንደ ጨዋታ ታነሳው ጀመር። ለአክስቷም አልመጣም ብላ ደወለች። እሱ በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ ይል ነበር። ነገ ሲመጣ ደግሞ እየዘፈነች በሩን ትከፍታለች።

የውድድሩ ቀን አሠልጣኝ ሁሉ ሠልጣኙ የሚጀምርበትን ክብደት ወረቀት ላይ ሞልቶ ይፈርማል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ዘንጉ አንዴ ሰማንያ ከሆነላት ወደ ታች መመለስ የለም። ሦስት ሙከራ አላት፤ ሦስቱንም ከሳተች በቃ፣ ከውድድሩ ትወጣለች። ጋሽ ግራም በሰባ ስድስት ጀምሪ አላት። ሳቀችበት።

“ምነው ጋሼ፣ በየቀኑ የማነሳውን?”

ለምን እንደሆነ መናገር ነበረበት። ብዕሩን ይዞ ቆመ። አስመዝጋቢው ጠረጴዛውን በጣቱ ሲቆረቁር ሰማንያ ብሎ ሞላና ፈረመ።

የመጀመሪያው ከፊቷ ወደቀ። ሁለተኛው ከራሷ በላይ ደርሶ ወደ ኋላዋ ዞረ። ከመድረክ ስትወርድ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ይሄ ዘንግ ይከብዳል አለችው። አጠገባቸው የቆመ የሌላ ክለብ አሠልጣኝ ሰምቶ፣ እቤታችሁ ብረቱ ጥጥ ነው እንዴ ብሎ ቀለደ። ሦስተኛውን ያዘችው፤ ቁጢጥ እንዳለች ያዘችው፤ ልትነሳ ስትል ክርኗ ታጠፈ። የሦስቱም ዳኞች ቀይ መብራት በራ። መርፌ ጎንበስ ብላ ዘንጉን በእጇ ነካችው፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። ከዚያ ወረደች።

በአውቶቡስ ሲመለሱ እሷ ቀኝ ትከሻዋን እያሸች መጣች። እሱ ያንን ማየት አቅቶት መስኮቱን ሲያይ መንገዱ አለቀ።

ሰኞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቀበቶዋንና ጫማዋን ልትወስድ መጣች። እሱ መድረኩን እየጠረገ ነበር። ቀበቶውን ከምስማሩ አወረደችና ልትወጣ ስትል ቆመች። ውድድሩ ላይ የነበሩት ዲስኮች ጀርባቸው ድፍን ነበር፤ ያ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዋ አልወጣም። ወደ ማስቀመጫው ሄዳ ሰማያዊዎቹን አንድ በአንድ አወጣችና ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ሳንቃው ላይ አጋደመቻቸው። ጣቷን ባንዱ ጉድጓድ ዙሪያ አዞረች፤ ሻካራ ነው። በሌላው አዞረች፤ ልስልስ ያለ፣ የመሰርሰሪያው ክብ መስመር የቀረበት።

“የዚህኛው እርሳስ ራሱ ነው የወደቀው” አለች ቀስ ብላ። “የዚህኛውን ግን ሰው ነው ያወጣው። ክር ሲበጠስና በመቀስ ሲቆረጥ አንድ አይመስልም፣ ጋሼ።”

“አዎ” አለ።

ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተቆጣችም። ቀበቶውን ክንዷ ላይ ጠቅልላ፣ እንደ ድሮው ትእዛዝ እንደምትጠብቅ ሆና ፊቱ ቆመች።

“አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ለኔ ብለው ነው? ወይስ ለራስዎ?”

ጋሽ ግራም መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ከኪሱ ጨርቅ አወጣና ጎንበስ ብሎ ዘንጉን መወልወል ጀመረ። ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ መሐሉ ላይ ደረሰ፤ መሐሉን አልፎ ሌላኛው ጫፍ ደረሰ። መርፌ አልሄደችም። ጨርቁን ገልብጦ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጫፍ ጀመረ።