ምሳ የማይበላ ዘበኛ

የሞቀ አቧራ ሲሸተኝ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ትዝ ይለኛል። ሲበራ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፤ ቀጥሎ ማራገቢያው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ማንኮራፋት ይጀምራል።

በምንኖርባት ቆሰበር ከተማ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ትልቋ ልጄ ባሕር ዳር ሥራ ማግኘቷን ነገረችን። አባቷ ደስ አለው። እኔ ግን ታናሽ እህቷን አሰብሁ። ያን ጊዜ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ቤታችን ገብቶ ነበር፤ ታናሿ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች ከአዲሱ ኮምፒውተር ፊት አትነሣም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሴት፣ ምን እንደምታይ በምን ዐውቃለሁ?

"አንቺ ከሄድሽ እሷን ማን ይጠብቅልኛል?" አልኋት። ትቀር መስሎኝ ነበር።

ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። አባቷ ቀድሞ የነበረውን የጽሕፈት ሱቅ ሲዘጋ አልጋ ሥር የወሸቀውን ኮምፒውተር ጎትታ አወጣች። ጠረገችው፣ ፈታችው፣ ሁለተኛ የገመድ መሰኪያ ጨመረችበት። አንዱ ገመድ ከውጭ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ቤት ይገባል፤ በመካከል እሱ ቆሞ ክፉውን ይመልሳል አለችኝ። ሲያልቅ ስክሪኑን ነቅላ ወሰደች።

"ዓይኑን አውጥተሽ በምን ይጠብቃል?"

"እማ፣ ስክሪን ከተውሁለት እንደ ሰፈራችን ዘበኛ ፊልም ሲያይ ይውላል።"

አባቷ መደቡ ላይ ሆኖ ሳቀ። "ይኸኛው ደግሞ ምሳ አይበላም" አለ።

በኛ ዘንድ ሰማይ ካጉረመረመ ከግድግዳ ሶኬት የማይነቀል ዕቃ የለም። ይህን ግን በድንገት እንዳልነቅለው ለመነችኝ፤ ይበላሻል። እጄን ይዛ ቁልፉን አስጫነችኝ። የማራገቢያው ትንፋሽ እስኪቆም ጠብቂ፣ ከዚያ ንቀዪ አለችኝ። ያኔ ገባኝ፤ ሰው ዘበኛ የሚያቆመው ሊሄድ ሲል ነው።

የሄደች ቀን ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ሳለ በዘንገና ሐይቅ በኩል ሰማዩ ነጎደ። ሻንጣዋን ይዤ ስወጣ "እማ፣ መጀመሪያ አጥፊው" አለችኝ። ተመልሼ ገባሁና ቁልፉን ተጫንሁ። ተከትላኝ ገብታ ከጎኔ ቆመች። አሮጌ ነውና ቶሎ አይጠፋም። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ፣ ሁለታችንም ማራገቢያውን አዳመጥን። ባለባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ። እኔ ማራገቢያው ባይቆም፣ ትንሽ ቢቆይ እያልሁ ነበር።

ዛሬ በቦታው መዳፍ የምታህል የኢንተርኔት ሣጥን ተቀምጣለች። ሲነጎድ እነቅላታለሁ፤ ወዲያው ትጠፋለች። የሚጠበቅ ትንፋሽ የላትም።