ጣቴ ላይ የቀረው ቅቤ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ሳለሁ፣ የልጅ ልጄ ወንድ ልጅ ወለደች። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ ነው፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲያ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። ከጤና ጣቢያ ሰባታሚት መንደር ካለው ቤቴ ስትገባ ቅቤው ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ለጋ ቅቤ፣ መሸንቲ ገበያ ሄጄ አሽትቼ የገዛሁት።

ባገራችን ሕፃን ሲወለድ ቅቤ ይውጣል፤ አንጀቱ ይለሰልሳል እንላለን። ቢጫው የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩ፣ ቆሻሻ ነው ተብሎ መሬት ላይ ይታለባል። እኔ ደግሞ የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ሁለተኛው ልጄ የተወለደው ከደሴት ንግሥ ስንመለስ ጣና ዳር ነው። እንገሩን አፈሰስነው፤ ቅቤ ግን በእጃችን አልነበረም። በሳምንቱ ቀበርሁት። ከዚያ ወዲህ ቅቤ ያልዋጠ ሕፃን ሳይ የሚታየኝ ያ ትንሽ ጉድጓድ ነው።

የልጅ ልጄ ግን አሻፈረኝ አለች።

«አባባ፣ እንገሩን ነው የሚጠባው። ሌላ ምንም አይቀምስም ብለውኛል ጤና ጣቢያ።»

«እነሱ ልጅ ቀብረዋል?»

«ላምዎ ስትወልድ ጥጃውን እንገር ይከለክሉታል?»

«ጥጃና ሰው አንድ ነው?»

«አይደለም። ለጥጃው ይጠነቀቃሉ።»

የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ ቅቤ የሚያስውጡት ጎረቤታችን ባልቴት ሳቅ አመለጣቸው። እኔ አልሳቅሁም።

ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ላይ ጋቢ ጠቀለልነው፤ መስኮቱንም በጨርቅ ደፈንሁት። ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ዝም አለ። ጡት ሲሰጡት አፉን አልከፍት አለ። ግንባሩን ብነካው ይፋጃል።

«አንጀቱ ደርቆ ነው፤ አሁኑኑ ቅቤው ይግባ» አሉ ባልቴቷ ሳህኑን እየገፉልኝ።

ጣቴን ነከርሁ። ልጅቱ ድምጿን ሳታነሣ «አባባ፣ ያ ጣት አፉ ከገባ ዳግመኛ በዚህ ቤት አልውልም» አለችኝ።

ባስውጠው እፈራለሁ፤ ባላስውጠውም እፈራለሁ። ጣቴ እንደተቀሰረ ቀረ። እሷ አልጠበቀችኝም፤ ልጇን አቅፋ ወጣች። ባጃጅ አስቁማ ስትገባ ተከትዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የማዳምጠው የሕፃኑን ትንፋሽ ነበር። የባጃጁ ጩኸት ሲውጥብኝ፣ ቆመ፣ ቆመ እላለሁ በሆዴ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ተቀብላን «ሌላ ነገር ቀምሷል?» አለች።

«አልቀመሰም» አልሁ።

እጄን አየች። «ይህ የሚያብለጨልጨውስ፣ አባቴ?»

«ጣቴ ላይ የቀረ ነው። እግዜር ምስክሬ ነው።»

ጋቢውን አንድ በአንድ ፈታችው። «በሙቀት አፍናችሁታል» አለች። ሌላ ሕመም እንዳይኖርበት መረመረችውና ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው። እንገሩን በጠብታ ከንፈሩ ላይ አደረገችለት። አልቀመሰም። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ።

ስንጠብቅ ነገረችኝ። «እናቱ ከልጅነቷ ጀምሮ የታገለችው በሽታ ሁሉ በደሟ ውስጥ መከላከያ ትቶላታል። ከፊሉ በሆዷ ሳለ ደርሶታል። በእንገሩ የሚመጣው ደግሞ አንጀቱን ይጠብቅለታል። የእሷ እስኪያልቅ ሰውነቱ የራሱን መሥራት ይማራል፤ ከሚውጠው፣ ከሚነካው፣ ከክትባቱ። ገና ምንም ሳያውቅ ቅቤ ከነጀርሙ ሲገባበት ግን ይታመማል።»

የልጅ ልጄን ልጅነት አስታወስሁ። ወባ ሲያንዘፈዝፋት አዝያት ዓባይ ማዶ ሐኪም ቤት ድረስ የሮጥሁት፣ ሐይቁ ዳር ጭቃ ስትልስ የተቆጣኋት። ያ ሁሉ የፈራሁት ነገር ለልጇ ስንቅ ሆነ? የኔስ ልጅ? የሱ ስንቅ መሬት ላይ ነበር የፈሰሰው። ይህን ሳስብ ከመጀመሪያው የባሰ ፍርሃት ያዘኝ።

ሕፃኑ ከንፈሩን ላሰ። ደግሞ ላሰ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጡቱን ያዘ። ልጅቱ አለቀሰች፤ እኔ ግን ተመልሶ ይተወዋል እያልሁ ዓይኔን አልነቅል አልሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ እስካሁን አልቆረጠም። ቤት በገባን ማግስት ጠዋት ግን ባልቴቷ ያንኑ ሳህን ይዘው ሲመጡ ሳህኑን ከደጅ ተቀበልኋቸው። የመስኮቱን ጨርቅ አወረድሁ። ቅቤውንም አንዳች ሳላስቀር የአራሷ የልጅ ልጄ አናት ላይ ቀባሁት።